ከለገጣፎ ማዶ በራቭ4፦ ከአሥር ዓመት በላይ የቤተሰብ መኪና ሆኖ ምን አሳየኝ

ከለገጣፎ_ማዶ፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች ሁሉ። "ለቤተሰብ የሚሆን፣ የማያስቸግር፣ ከፍ ያለ መኪና ምን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ አይጠፋም። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የመኪና ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ራቭ4 ይላል። ሌላው ቪታራ። ሌላው ቱሳን። ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ስሙ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ የእኔን ልምድ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ሊገዛ ላሰበም፣ ይዞት ለሚያመነታም ይጠቅም ይሆናል።

መኪናዬ ሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ራቭ4 ነው። ከ2005 መጨረሻ እስከ 2012 የተመረተው ማለት ነው፤ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፣ የመኪና ሞዴል ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንቆጥረው። ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ፎር ዊል። የገዛሁት ያገለገለ ሆኖ ነው። ከያዝኩት አሥር ዓመት አልፏል። ትንሿ ልጄ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው በእሱ ነው። አሁን ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም እሱ ነው።

ቤታችን ከለገጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አስፋልቱን ለቀን ስንታጠፍ መጀመሪያ ኮብልስቶን እናገኛለን። ቀጥሎ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ አቧራው መስኮት አያስከፍትም። በክረምት ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አጭር መኪና ያላቸው ጎረቤቶቻችን አስፋልቱ ዳር አቁመው በእግር ይገባሉ። የእኛ መኪና ከመሬት ያለው ከፍታ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላንድክሩዘር አይደለም፣ ነኝም አይልም። ለእኛ ሰፈር ግን በቅቷል።

ፎር ዊሉ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ላስረዳ። ደህና መንገድ ላይ በዋናነት የሚጎትተው የፊቱ ጎማ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ለኋላው ጉልበት ያካፍላል። ሎክ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ጉልበቱ ለፊትና ለኋላ ይከፈላል። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ራሱ ይለቃል። ስለዚህ ጭቃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ተጫኑት። ሲገዛም ተጠንቀቁ፤ በዚሁ ሞዴል የፊት ጎማ ብቻ የሚጎትተውም አለ። ከውጭ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም። ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግና ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል ማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መኪናው ጠንካራ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ይህን ያህል ዓመት ያቆየው ግን ጥንካሬው ብቻ አይደለም። የራዲያተሩ ውሃ፣ ጎማውና አንድ የማይቀያየር መካኒክ ናቸው። በእኔ እምነት ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የትኛውም ስም አያድንም።

ከውሃው ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር፣ በእኛ በኩል ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ተራ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 92 አካባቢ ላይ ነው። ሞተሩ ደግሞ በተለምዶ የሚሠራው ከዚያ ብዙ ባልራቀ ሙቀት ነው። እንዳይፈላ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ሌላው በትክክል የተቀላቀለ ኩላንት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም። ያ ርካሽ ክዳን ነው ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ የሚያስከፍተው። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም አይመከርም፤ ውስጡን ያዝገዋል፣ ቱቦዎቹንም በጨው ይደፍናል።

ጎማ ላይ ሰው ለምን እንደሚሰስት አይገባኝም። ፎር ዊል መኪና አራቱም ጎማ እኩል መሆን አለበት። ሁለት አዲስ፣ ሁለት ያለቀ ከሆነ የጎማዎቹ ዙሪያ ይለያያል። ያኔ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ደረቅ አስፋልት ላይም ያለ እረፍት ይሠራል። ይሞቃል፣ ያረጃል። የእኔ ጎማ ልክ 225/65 አር17 ነው። በየጊዜው የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አቀያይራለሁ፤ አራቱንም አንድ ላይ እቀይራለሁ። ወጪው በአንዴ ሲመጣ ይከብዳል። ዲፈረንሻል ከማውረድ ግን ይሻላል።

ጉልበቱን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። አየራችን ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣል። አምስት ሰውና ዕቃ ጭነን ዳገት ስንወጣ መኪናው ይጮሃል። ብልሽት አይደለም። ነዳጅ በከተማ ውስጥ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል፤ መጨናነቅ ሲበዛ ከዚያም ይወርዳል። በረጅም መንገድ ይሻላል።

ኮብልስቶኑ የሚበላው ከታች ያለውን ነው። ቡሽ፣ የስታብላይዘር ሊንክ፣ ቴስቲና። እነዚህን እንደ ጎማ ሁሉ የሚያልቁ ዕቃዎች አድርጋችሁ ቁጠሯቸው። ኪው ኪው ሲል መኪናው ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፤ የኋላው በር። ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፣ ማጠፊያውም በቀኝ ነው። እኛ ደግሞ ቀኛችንን ይዘን ስለምንቆም በሩ ሲከፈት ከእግረኛው መንገድ ይጋርደናል። ጤፍ ሲጫን፣ ለበዓል በግ ሲወርድ ዞሮ በመኪናው መንገድ በኩል መምጣት ያስፈልጋል። ልጆች ካሉ ይህን አስቡበት። ስኮርት ጎማውም በሩ ላይ ስለሚንጠለጠል ክብደቱ ማጠፊያውን ይጎትታል። በሩ መንኳኳት ከጀመረ መቆለፊያውን ማስተካከልና የበሩን ላስቲኮች ማየት ነው።

ጥያቄ ካለ እመልሳለሁ።


ቁልፍ_14፦

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እኔ ቃሊቲ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ነኝ፤ ይህን መኪና ብዙ ጊዜ ከፍቻለሁ፣ ገጥሜያለሁ። ያልከው ትክክል ነው። ጥቂት ልጨምር።

አንደኛ ቴርሞስታት። ሞተር ሲሞቅ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ለኛ አገር አይሆንም" የሚሉ አሉ። እባካችሁ እሺ አትበሉ። ይህ ዕቃ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። ሲወጣ ሞተሩ ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ይሠራል። ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ዘይቱ ውስጥ የሚገባው እርጥበት አይተንም። የሰንዳፋና የሱሉልታ ማለዳ ብርድ ሲጨመርበት ሞተሩ ሳይታወቅ ያረጃል። ሞተር ከሞቀ ምክንያቱን ፈልጉ። ክዳን ነው? ፋን ነው? የውሃ ፓምፕ ነው? ራዲያተሩ በአቧራና በጭቃ ተደፍኖ ነው? የሰፈራችሁ ጭቃ ደርቆ ራዲያተሩ ፊት ላይ ሲጋገር አየር አያሳልፍም። በለስላሳ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ማጠብ ነው። በኃይለኛ ግፊት የሚታጠብ ከሆነ ክንፎቹ ይተኛሉ።

ሁለተኛ ቴስታታ። ከ2000 ወዲህ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት የወጡት፣ ማለትም በሁለተኛው ትውልድ ራቭ4 ላይ ያሉት 2.0 እና የዚያው ቤተሰብ 2.4 ሞተሮች የታወቀ ድክመት አላቸው። የቴስታታው ብሎኖች የሚገቡበት የአልሙኒየም ጥርስ ይላላል። በተለይ በጀርባ በኩል። ምልክቱ ኩላንት ሳይታወቅ መጉደልና ከሞተሩ ጀርባ የደረቀ ኩላንት ዱካ መታየት ነው። የሚሠራው ቶርኖ ቤት የብረት ጥርስ አስገብቶ ነው። ጋስኬት ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱ። እነዚህ ሞተሮች ታይሚንጋቸው፣ ማለትም ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው፣ በሰንሰለት ነው፣ በቺንጋ አይደለም። በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ አይቀየርም። ነገር ግን ሰንሰለቱን የሚወጥረው ዕቃ የሚሠራው በዘይት ነው። ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ ሰንሰለቱ ይላላል። ጠዋት ሲነሳ ለአፍታ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ካለ እዚያ ላይ ነው። በአቧራ ሰፈር ለምትነዱ በ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር የኔ ምክር ነው። የአየር ፊልትሮውን በበጋ ቶሎ ቶሎ እዩት። በኮምፕሬሰር እየነፉ ዓመት መጠቀም ወረቀቱን ይበሳዋል።

አራተኛ ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ። በዚህኛው ትውልድ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ አለ። ከ2009 ወዲህ ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ሲቪቲ፣ ማለትም ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ፣ መጥቷል። ዘይታቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። "የካምቢዮ ዘይት ነው" ተብሎ የመጣውን ሁሉ አታስገቡ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትቀይሩ።


የሁለት_ልጆች_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ይሠራል፤ ልጆቹን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ልክ እንደዚህ ዓይነት 2008 ሞዴል ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሞተር ይነግረኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የኋላ ወንበሩ ነው። ልጆቹ እዚያ ነው የሚቀመጡት። ቀበቶው፣ የልጅ ወንበር ማሰሪያው እንዴት ነው? ከለገጣፎ ማዶ፣ ልጆች ስላሉህ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።


ከለገጣፎ_ማዶ፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የኋላው ወንበር ሰፊ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መደገፊያውም ትንሽ ያጋድላል። ሁለት የልጅ ወንበር ታስሮ መሃል ላይ ቀጭን ሰው ይቀመጣል። የልጅ ወንበሩ የሚያያዝበት የአይሶፊክስ ብረት በእኔ ላይ አለ። መቀመጫው ከመደገፊያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ እጅሽን ከተሽ ፈትሺ፤ ብረቱ በእጅ ይታወቃል። ስለ ቀበቶው ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ይመልስልሽ።


ቦሌ_ለሚ_ዳር፦

እኔ ልመልስ። ሥራዬ ከመኪና ዕቃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህን በደንብ ተከታትየዋለሁ።

እህታችን፣ በትክክል መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቅሽው። በ2016 በፈረንጆቹ ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለእርማት ጠርቶ ነበር። አብዛኞቹ ከሐምሌ 2005 እስከ ነሐሴ 2014 የተመረቱ ራቭ4ዎች ናቸው። ምክንያቱ የኋላ ቀበቶ ነው። በኃይለኛ የፊት ለፊት ግጭት ጊዜ የኋላ መቀመጫው የብረት ፍሬም ቀበቶውን ነክቶ ሊቆርጠው ይችላል ተብሎ ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር። በብረቱ ጠርዝ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ማድረግ።

ችግሩ ምንድነው? እኛ ጋ የመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ተገዝተው በግል የገቡ ናቸው። የጥሪው ደብዳቤ የሚደርሰው በዚያን ጊዜ ባለቤት ተብሎ ለተመዘገበው ሰው ነው። መኪናው ከዚያ በፊት ወደዚህ ከመጣ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ የ2008ቱን ከመግዛትሽ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ውሰጂ። ቁጥሩን በአምራቹ የጥሪ መፈለጊያ ገጽ ላይ ወይም ወኪሉ ጋ አቅርቦ መጠየቅ ይቻላል። ከተሠራለት ሽፋኑ አለ።

ይህን ሁላችሁም የሦስተኛው ትውልድ ባለቤቶች አስተውሉ። ልጆቻችን የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሞተር ቢበላሽ ይሠራል።

ሌላም አለ። በ2012 ደግሞ ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል ያሉ ራቭ4ዎች አሜሪካ ውስጥ የኋላ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዙት የእግር ክንዶች ምክንያት ተጠርተዋል። የእግር አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ከተሠራ በኋላ ማጥበቂያው ፍሬ በደንብ ካልጠበቀ ጥርሱ ይላላል፣ ይዝጋል፣ ክንዱም ሊሰበር ይችላል። በተለይ እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ መንገድ ለሚነዳ ሰው።


ቁልፍ_14፦

የቦሌ ለሚው ያለው እውነት ነው። አላይመንት የሚሠሩ ሰዎች የኋላውን ፍሬ በእጅ ስሜት አጥብቀው ይለቃሉ። በመለኪያ ቁልፍ አጥብቁልኝ በሏቸው፤ አትፈሩ። መኪናውን ስታነሱ የኋላ እግሩን ክንድ ዝገት እዩ።


ሱሉልታ_ማለዳ፦

የጻፋችሁትን ሁሉ በአክብሮት አነበብኩ። ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ።

እኔም ከፍ ያለ የቤንዚን መኪና ነበረኝ። ሸጬ ኤሌክትሪክ ገዛሁ። የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው ፒያሳ ነው። በየቀኑ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሬ በአዲሱ ገበያ በኩል እገባለሁ። ቤንዚን በእኛ አቆጣጠር በ2017 አጋማሽ በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ወረፋውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንግሥትም በዚሁ አቆጣጠር በ2016 ጥር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ወስኗል። አገሪቱ የምትሄድበት አቅጣጫ ግልጽ ነው። ዘይት የለም፣ ፊልትሮ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ቴስታታ የለም። ቁልቁለት ስወርድ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ባትሪውም መልሶ ይሞላል። የፍሬን ሸራዬ ገና አዲስ ይመስላል። ስስ አየርም አይነካውም፤ ዳገቱን ሲወጣ አይጮህም።

ለአሥር ዓመት መኪና ዕቃ እያሳደዱ መኖር ለምን? ለቤተሰብ ሰው ጊዜም ገንዘብ ነው።


ከለገጣፎ_ማዶ፦

ወንድሜ፣ ያልከው ብዙው ትክክል ነው። ለአንተ መንገድ ኤሌክትሪክ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ ቻርጅ ታደርጋለህ፣ የምትሄድበት ቦታ ይታወቃል፣ ማታ ተመልሰህ ትገባለህ።

የእኛ ግን ሁለት ነገር ይለየዋል። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሸዋ ሮቢት ናቸው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለለቅሶም እንሄዳለን። ለቅሶ ቀጠሮ የለውም። በየመንገዱ የምተማመንበት የቻርጅ ቦታ እስካገኝ ድረስ በሌሊት ተነስቼ መሄድ የምችልበትን መኪና አልለቅም። ሌላው መብራት ነው። በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይመጣም፤ ትራንስፎርመሩ ብዙ ቤት ተሸክሟል።

ዕቃ ማሳደድ ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ለራቭ4 ዕቃ አይታደድም። ሶማሌ ተራ ገብተህ አዲሱንም ያገለገለውንም፣ ኦሪጅናሉንም ሌላውንም ታገኛለህ። ለገጣፎ ራሷ ውስጥ ፊልትሮና የፍሬን ሸራ አለ። መኪናው ሲቆም በሰፈሬ ያለ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ትልቁ ነገር ይህ ነው። አዲስ ዓይነት መኪና ቆሞ መካኒኩ በስልክ ከሌላ አገር መልስ ሲጠብቅ የከረመባቸው ጎረቤቶች አሉኝ።

አቅሙ ያለው ሰው ለከተማ ኤሌክትሪኩን፣ ለመንገድ አሮጌውን ቢይዝ ደስ ይለኛል። አንድ ብቻ መያዝ ላለበት ግን ሁሉንም መንገድ የሚሄደውን ነው የምመክረው።


ሱሉልታ_ማለዳ፦

ስለ ለቅሶው ያልከው ገብቶኛል። እውነት ነው፣ እኔ ራቅ ያለ ቦታ ስሄድ የወንድሜን መኪና ነው የምወስደው።


ጣርማበር፦

ሸዋ ሮቢት ሲባል ልቤ ተነሳ፤ አገሬ በዚያ በኩል ነው። ቁልቁለቱን ለማያውቁ ልጻፍ።

ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማበር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ከዋሻው ወጥታችሁ በደብረ ሲና በኩል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ላይ 1,300 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ መውረድ አደጋ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ማርሹን ዲ ላይ ትቶ መውረድ ልማድ ሆኗል። አይሆንም። ወደ ታችኛው ማርሽ አውርዱት፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትያዙት፤ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። ፔዳሉ ለስለስ እያለ ከገባ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወዲያውኑ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ውሃ አታፍሱበት፤ ዲስኩ ይጣመማል።

በጉም ቀን ደግሞ ፍሬቻ እያበሩ መሄድ ሳይሆን ዝቅተኛውን መብራት አብርቶ፣ ከፊት ካለው ከባድ መኪና ርቆ መሄድ ነው። ጉሙ እዚያ የማይገመት ነው።


ቁልፍ_14፦

ፔዳሉ የሚለሰልስበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በቆየ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር አለበት። ዋጋው ትንሽ ነው። ወደ ወሎም፣ ወደ ዓባይ በረሃም የሚወርድ ሰው ይህን ሳያደርግ ቤተሰብ ይዞ አይውጣ።


አያት_49፦

እኔ ገና ገዢ ነኝ። ደላላው "ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ሴት የነዳችው ነው" እያለ ያጣድፈኛል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው፣ በውክልና ይሸጥልሃል ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ጋሽ ቁልፍ 14፣ እርስዎም ቢመልሱልኝ።


ቦሌ_ለሚ_ዳር፦

ውክልናውን በጥንቃቄ። ወካዩ በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናው አለመሻሩን፣ መሸጥና ስም ማዛወር የሚል ቃል በግልጽ መኖሩን አረጋግጥ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል። መኪናው እዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ፋይሉ ባለበት መሥሪያ ቤት አስጣራ። ክፍያ ከዚያ በኋላ ነው። የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ራስህ አስተያይ፤ ሌላ ሰው አንብቦ አይንገርህ።


ቁልፍ_14፦

ልጄ፣ የኪሎ ሜትር ቁጥር በኮምፒውተር ይወርዳል፤ አትመነው። ያልተቀየሩትን ነገሮች እይ። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቋል? መሪው በእጅ ብዛት ልሙጥ ሆኗል? የሹፌሩ ወንበር ጎን ተቀዷል? ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ እነዚህ ካለቁ ቁጥሩ ውሸት ነው።

ኮፈኑን ስትከፍት የሞተሩ ሽፋን ላይ ዲ-4 የሚል ካየህ ቆም በል። እሱ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ዓይነት ነው። መጥፎ ሞተር አይደለም። ግን ቆሻሻ ነዳጅ አይወድም፣ የአየር መግቢያው በካርቦን ይደፈናል፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፑም ውድ ነው። ከከተማ ውጭ ለሚኖር ሰው ተራውን 2.0 እመርጣለሁ። 2.4ቱ ደግሞ ጉልበት አለው፣ ነገር ግን በተለይ ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ዘይት የሚበሉ አሉ። የዘይት መለኪያውን አውጣና እይ፤ ባለቤቱንም በስንት ጊዜ እንደሚጨምር ጠይቀው።


ከለገጣፎ_ማዶ፦

አንድ ነገር ረስቼው ነበር፣ ለዳር ሰፈር ሰዎች የሚያስፈልግ። አይጥ። ሌሊት ብርድ ስለሆነ ሙቅ ሞተር ስር ይገባሉ። የገመዱን ሽፋን ይበላሉ። ጠዋት የሞተር መብራት በርቶ ካያችሁ ኮምፒውተር ከማስነበባችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ገመዶቹን እዩ። እኛ ግቢ ውስጥ የእህል ከረጢት መኪናው አጠገብ ማስቀመጥ ትተናል። ማታም ኮፈኑን ከፈት አድርጌ አሳድረዋለሁ፤ ጨለማና ሙቀት ሲያጡ ይሸሻሉ።


የሁለት_ልጆች_እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። የሻንሲ ቁጥሩን ላከልኝ፤ እያስጣራሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ላየው ነው። ጋሽ ቁልፍ 14፣ ሰውየው ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከቃሊቲ ብዙ አይርቅም፤ መካኒክ ይዤ መሄድ ስለምፈልግ ጊዜ ካለዎት የድካምዎን እከፍላለሁ።


ቁልፍ_14፦

እመጣለሁ፣ ችግር የለም። ክፍያውን መኪናው ጥሩ ሆኖ ከተገኘ እንነጋገራለን። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሻጩን እኛ እስክንደርስ ድረስ እንዳያስነሳው ንገሪው። በቀዝቃዛነቱ ስናስነሳው ነው ሰንሰለቱም፣ ጭሱም፣ ካምቢዮውም የሚናገሩት። ኮፈኑ ሞቆ ካገኘሁት ሌላ ቀን እንመለሳለን። የኋላውን መቀመጫ አንስቼ ሽፋኑ መኖር አለመኖሩንም በዓይንሽ አሳይሻለሁ።


የሁለት_ልጆች_እናት፦

ነግሬዋለሁ። እስከ ሦስት ሰዓት አይነካውም፣ ቃል ገብቷል። ቁጥሬን በግል መልእክት ልኬልዎታለሁ።